የሸኹ ሁለት ድምፅ

ቦርከና ዳር ያለ የአንድ የመስኖ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። አራት መንደር ከአንድ ቦይ ይጠጣል። የላይኛው 100 አባወራ ነው፤ መካከለኞቹ 80፣ 80፤ የቦዩ ጫፍ ያለው 40። ለ20 አባወራ አንድ ድምፅ ብዬ 5፣ 4፣ 4፣ 2 አደልኳቸው። ከ15ቱ 8 ያገኘ ሐሳብ ያልፋል። ቢሮው «ፍትሐዊ ነው» ብሎ ለሌሎች ማኅበራት በናሙናነት በተነው።

በሁለተኛው በጋ የጫፉ መንደር ተወካይ፣ አንድ ሸህ፣ ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ከእንግዲህ ስብሰባ አልመጣም።»

«ምነው አባቴ? ተጣላችሁ እንዴ?»

«ኧረ ሰላም ነን። ግን እጄ ቢወጣም ባይወጣም አንድ ነው። ምን ልሠራ ልምጣ?»

ድምፁ በመንደሩ ልክ እንደተሰጠ ማስረዳት ጀመርኩ። አልተቆጡም። መቁጠሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ፍሬውን በጣታቸው ለያዩት። አምስት። አራት። አራት። ሁለት።

«እስቲ የኔ ሁለት ገብታ ስምንት የምትሞላበትን አሳየኝ።»

አምስትና ሁለት ሰባት። አራትና ሁለት ስድስት። ከሦስቱ ትልልቆች ሁለቱ ከተስማሙ ደግሞ ያለ እሳቸውም ስምንት ሞልቷል። ደጋግሜ ደመርኩ። የለም። ሁለት በጋ ሙሉ የሌሊት ተራ የደረሳቸው እነሱ ነበሩ። ሽንኩርታቸው ሲደርቅ «በድምፅ ተሸንፋችሁ ነው» ያልኳቸውም እኔ ነኝ። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

በኋላ ሳነብ ይኸው ነገር አውሮፓ ውስጥም ደርሶ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢኮኖሚ ማኅበረሰባቸው ምክር ቤት ለሦስቱ ትልልቅ አገሮች 4፣ 4፣ 4፣ ለቤልጂየምና ለኔዘርላንድ 2፣ 2፣ ለሉክሰምበርግ 1 ድምፅ ተሰጠ። ለማለፍ 12 ያስፈልጋል። የሌሎቹ ሁሉ ጥንድ ቁጥር ስለሆነ የሉክሰምበርግ አንድ ድምፅ ምንም አይለውጥም ነበር። ጆን ባንዛፍ የሚባል አሜሪካዊ የሕግ ሰው በ1965 የጻፈውም ይህንኑ ነው፦ የድምፁን ብዛት ሳይሆን፣ አንዱ ሲጨመር የተሸነፈው ወገን ስንት ጊዜ አሸናፊ እንደሚሆን ቁጠሩ።

ቆጠርኩ። ማለፊያው 8 ሲሆን የአራቱ መንደሮች ጉልበት 4፣ 4፣ 4፣ 0 ነበር። ሁለት ሦስተኛ ይሁን ብዬ 10 ሳደርገው ሁሉም እኩል ሆኑ፤ 40 አባወራ ከ100 እኩል መሆኑም ልክ አይደለም። በ9 ግን 5፣ 3፣ 3፣ 1 መጣ። ድምፁ ሳይነካ፣ አንዲት ቁጥር ብቻ!

ለውጡም በአሮጌው ደንብ መጽደቅ ነበረበት። የሸኹ እጅ አሁንም ዋጋ የለውም። የላይኛው መንደር ስለሚጠቀም እሺ አለ። አንዱ መካከለኛ እምቢ አለ። የሌላው ተወካይ ሴትዮ ጉልበታቸው እንደሚቀንስ ነገርኳቸው። «ቅሬያችን አንድ ነው። አብረን እየቀበርን ውሃ እንከልክላቸው?» አሉና እጃቸውን አወጡ።

ሸኹ አሁን ከስብሰባ ቀርተው አያውቁም። ናሙናው ግን ዛሬም 8 እንዳለ ይባዛል። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌያለሁ።