እንቁላል የተሸከሙ እናቶች፣ ልጅ የሌለበት ሐይቅ

በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳት የሚያዙበት አዲሱ መረብ ላቦራቶሪያችን ሲገባ ሁላችንም ወደድነው። አፉ 57 ሳንቲ ሜትር፣ ጨርቁ አዲስና ነጭ፣ ቀለበቱ የማይዝግ ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ማጠራቀሚያ በአንድ እጅ ይፈታል። ቀዳዳው 200 ማይክሮን ነው (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው)፤ የባሕር መረብ ነው እንግዲህ። ለሐዋሳ ሐይቅ የምንጠቀምበት አሮጌው መረብ 64 ማይክሮን፣ አፉ 30 ሳንቲ ሜትር ነበር። እሱ ደግሞ ከማጠራቀሚያው ከፍ ብሎ ተቀዶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

የማስተርስ ተማሪዋ ርዕስ የሐይቁን ዞፕላንክተን (እነዚህኑ ደቃቅ እንስሳት) ዓይነትና ሥርጭት ከሞቃታማ ባሕሮች፣ በተለይ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር ማነጻጸር ነበር። የሚያጓጓ ርዕስ ነው። በቀይ ባሕር የሚገኙት ኮፔፖዶች (የሸርጣንና የሽሪምፕ ደቃቅ ዘመዶች) አብዛኞቹ በባብ ኤል ማንደብ በኩል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገቡ ናቸው፤ ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር ጨዋማነቱ እየጨመረ፣ የዝርያው ብዛት እየሳሳ ይሄዳል። አማካሪዋም «ከባሕሩ ቁጥር ጋር የሚነጻጸር ነገር ከፈለግሽ በባሕሩ መረብ ሥሪ» አሏት። ምክንያታቸው መሠረት ነበረው። ከ1959 እስከ 1965 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሕንድ ውቅያኖስ ጥናት የብዙ አገር መርከቦች አንድ ዓይነት መረብ ይዘው ወጥተዋል፤ አፉ 1 ካሬ ሜትር፣ ቀዳዳው 330 ማይክሮን፣ ከ200 ሜትር ጥልቀት ወደ ላይ የሚሳብ። የሁሉም ናሙና በአንድ ካርታ ላይ ሊቀመጥ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ናሙናው ተሰብስቦ መጣ። ማይክሮስኮፕ ሥር ሜሶሳይክሎፕስና ቴርሞሳይክሎፕስ የሚባሉት ኮፔፖዶች ሞልተዋል፣ የውሃ ቁንጫ የሚባለው ዲያፋኖሶማም አለ። ከእነዚህም የሚያንሰው ሮቲፈር የሚባለው ደቃቅ እንስሳ የለም ማለት ይቻላል። ኖፕሊየስ የሚባለው የኮፔፖድ ጫጩት ደግሞ ፈልጎ ማግኘት የሚያስቸግር ሆነ። የውጤቱ ረቂቅ ወዲያው ተጻፈ፦ የሐይቁ ደቃቅ እንስሳት ተመናምነዋል፤ ምክንያቱ የከተማው ፍሳሽና የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች ሊሆን ይችላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከላቦራቶሪው ወጥቶ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያሉት አስጋሪዎች ጆሮ ቢደርስ ምን እንደሚያስከትል ያሰበ አልነበረም።

የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ዲግሪ የላቸውም። የዚህን ሐይቅ ናሙና ግን ከሁላችንም በላይ ቆጥረዋል። ስላይዱን አዩና ተማሪዋን ጠሯት።

«ይቺ ምንድን ነው የተሸከመችው?»

«እንቁላል ነው ጋሼ። በግራና በቀኝ ሁለት ከረጢት።»

«ከጎኗ ያለችውስ?»

«እሷም ይዛለች።»

«ታዲያ ልጆቹ የት ሄዱ?»

ልጅቷ ዝም አለች። እኔም ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ጥያቄው ገባኝ። የሐይቁ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት እንቁላሉ በቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ኮፔፖድ ለአካለ መጠን ከመድረሱ በፊት ስድስት የኖፕሊየስ፣ ከዚያ አምስት የኮፔፖዲት (የታዳጊ) ደረጃ ያልፋል፤ በየደረጃው ብዙው ይሞታል። ስለዚህ ሳያቋርጥ በሚራባበት ሞቃት ውሃ ውስጥ ከአዋቂው ይልቅ ጫጩቱ ነው መብዛት ያለበት። እንቁላል የተሸከሙ እናቶች ሞልተውበት ጫጩት የሌለበት ጠርሙስ ካየህ፣ ስለ ሐይቁ ከመናገርህ በፊት መረቡን ጠርጥር።

አማካሪዋ ሲመጡ ነገሩ ተነገራቸው። «ጋሼ፣ ዓሣ በልቷቸው ይሆናል» አሉ።

«ዶክተር፣ በዓይኑ እያየ የሚለቅም ዓሣ ትልቁን ነው የሚያስቀድመው። ትልቁ ተርፎ ትንሹ ብቻ አለቀ ቢሉኝ አልቀበልም። በስንዴ ወንፊት ጤፍ ነፍተን ጤፍ የለም እያልን ነው።»

«ስታንዳርዱ ይኸው ነው፤ እኛ ያወጣነው አይደለም» ብለው ወጡ።

ያ መልስ እስካሁን ይቆረቁረኛል። ስታንዳርድ የሚያገለግለው አንዱን ናሙና ከሌላው ለማነጻጸር ነው፤ መረቡ ያሳለፈውን እንስሳ ሐይቁ ውስጥ የለም ለማለት ፈቃድ አይሰጥም።

በማግስቱ ማለዳ ቴክኒሻኑ ከሐይቁ 20 ሊትር ውሃ በባልዲ አስመጡ። በፒቪሲ ቧንቧ ቁራጭ ላይ 50 ማይክሮን ናይለን ለጥፈው የሠሩት ማጥለያ ነበራቸው። ውሃውን ቀስ ብለው በባሕሩ መረብ አሳለፉት፣ ያለፈውን በንጹሕ ባልዲ ተቀበሉት፣ እሱን ደግሞ በ50ው አጠለሉት። በማጥለያው ላይ የቀረውን በተጣራ ውሃ አጥበው ወደ ትንሽ ቢከር አወረዱና አምቦ ውሃ ጨመሩበት። ይህ መዘለል የሌለበት ሥራ ነው፤ ሽፋነ ለስላሳ ሮቲፈር የናሙና ማቆያው ፎርማሊን በድንገት ሲነካው ተኮማትሮ ድቡልቡል ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ዝርያውን መለየት አይቻልም። በአምቦው ጋዝ መጀመሪያ ከደነዘዘ ግን እንደተዘረጋ ይቀራል። ከዚያ በ90 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ 10 ሚሊ ሊትር የሱቁን ፎርማሊን አደረጉ፣ በሊትር 40 ግራም ሒሳብም ስኳር። ስኳሩ ለዲያፋኖሶማና ለዘመዶቹ ነው፤ ያለ እሱ ቅርፊታቸው ይነፋና እንቁላላቸው ይራገፋል፤ የተራገፈውን የማን ነው ብሎ መቁጠር አይቻልም።

1 ሚሊ ሊትር በምትይዘው መቁጠሪያ ስላይድ ላይ አደረጉና ልጅቷን ወንበር ሰጧት። ኬራቴላ፣ ብራኪዮነስ፣ ፊሊኒያ የሚባሉ ሮቲፈሮች፣ በመካከላቸው ደግሞ ሦስት ጥንድ እግር ያላቸው ኖፕሊየሶች፤ በግንባራቸው ላይ ያለችው አንዲት ቀይ ዓይን በደንብ ትታያለች። ሁሉም በባሕሩ መረብ ሾልከው የመጡ ናቸው። ቁጥር እስኪወጣ መጠበቅ አላስፈለገም።

ነገሩ በወርድ ነው የሚወሰነው። ብዙ ሰው የእንስሳውን ርዝመት ከመረቡ ቀዳዳ ጋር ያነጻጽራል። እንስሳው ግን በጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ ከገባ የሚያግደው የወገቡ ስፋት ብቻ ነው። በዚያ ላይ 200 ማይክሮን የተባለው የአራት ማዕዘኑ ጎን ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ ቢለካ 283 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ወደ 100 ማይክሮን የሚሆን ኬራቴላ ምን ያግደዋል?

ባሕሩም ከዚህ አያመልጥም፤ አማካሪዋ ያላዩት ይህንን ነው። በሞቃታማ ውቅያኖስ በቁጥር የሚበዙት ትናንሾቹ ኮፔፖዶች ናቸው፦ ኦይቶና፣ ኦንካኤያ፣ ፓራካላነስ። አዋቂው ራሱ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ኦይቶና ደግሞ ቀጭን ነው። በ330 ቀርቶ በ200 ማይክሮን መረብ እንኳ ብዙው ይሾልካል። ስለዚህ ያ የሕንድ ውቅያኖስ ካርታ የትላልቆቹ ካርታ ነው፤ ለእነሱ እውነት ነው፣ ስለ ትናንሾቹ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ሁለቱን ውሃዎች በአንድ መረብ አነጻጸርን ማለት በሁለቱም ውስጥ የሚበዛውን ትተን አነጻጸርን ማለት ሆነ።

ሥራው ተስተካከለ። አሮጌው መረብ ተሰፍቶ ናሙናው እንደገና ተወሰደ፤ ሐይቁ ተመናምኗል የሚለው አንቀጽም ከረቂቁ ወጣ። በመጨረሻው ጽሑፍ የአሠራር ክፍል ውስጥ «የመረብ ቀዳዳ ፍተሻ ተደርጓል» የሚል አንድ መስመር አለ። ማን እንዳደረገው አይናገርም። ልጅቷ ምስጋናው ላይ የሳቸውን ስም ከነማዕረጉ «መምህሬ» ብላ አስገብታለች፤ ያ ገጽ ግን ለኅትመት የተላከው ጽሑፍ ውስጥ የለም።

የ64 ማይክሮኑ መረብም የራሱ ጣጣ አለው። ውሃው አረንጓዴ በሚሆንበት ወቅት አልጌው ቀዳዳውን ይደፍናል፣ መረቡ ውሃውን ከማጥለል ይልቅ እየገፋ ይወጣል። 30 ሳንቲ ሜትር አፍ ያለው መረብ 15 ሜትር ቢሳብ በወረቀት 1 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ያልፍበታል። በደፈነ መረብ ያለፈው ግማሹ ብቻ ከሆነ ግን በሊትር የሚወጣው ቁጥር በግማሽ ያንሳል፤ እንደገና «ሐይቁ ተመናመነ» ይመጣል። ስለዚህ አሁን አፉ ላይ ፍሎሜትር (ያለፈውን ውሃ የሚለካ መሣሪያ) ይታሰራል፤ ንባቡ በንጹሕ ውሃ ከተለካው በጣም ካነሰ ናሙናው ይደፋና ስበቱ በሁለት አጭር ይከፈላል፣ በመካከሉም መረቡ ከውጭ ወደ ውስጥ በውሃ ይታጠባል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣም ገመዱ ስለሚያዘነብል 15 ሜትር የተለቀቀ ገመድ 15 ሜትር ጥልቀት አይደለም፤ ማለዳ መውጣት ይሻላል።

ልጅቷ ዛሬም ለትላልቆቹ አፈ ሰፊው መረብ ይሻላል ትላለች፤ ፈጣኖቹ አፈ ጠባቡ መረብ ሲመጣባቸው ስለሚሸሹ። ቴክኒሻኑ በዚህ ሐይቅ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም ይላሉ። ሁለቱንም መረብ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ማለዳ አከታትሎ መሳብ ይፈታዋል፤ ለዚያ የሚሆን ነዳጅ ጠይቀናል።