ሁለቴ ገቢ የሆነው ጭነት

ዛሬ ቡሬ ነበርኩ። አንድ የገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን ውስጥ ዩሪያ ስንቆጥር ዋልን። መዝገቡ 436 ኩንታል ይላል። መሬት ላይ ያለው 396 ነው። የ40 ኩንታል ጉድለት፣ 80 ከረጢት!

የመጋዘን ኃላፊዋ ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ አንዲት ከረጢት ያለ ደረሰኝ አላወጣሁም» አሉኝ። ደረሰኙን የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

10 ሰዓት ገደማ ነገሩ ተገኘ። ሂሳብ ክፍል አንድ አይሱዙ ጭነት ሁለቴ ገቢ አድርጎታል። አንዴ በስልክ ሲነገረው፣ አንዴ ወረቀቱ ሲደርሰው። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። አንጀቴን በሉት።

ኢአርፒ (የድርጅቱን ክፍሎች ሥራ የሚያገናኝ ሶፍትዌር) ያስፈልገናል እያልኩ የምወተውተው ለዚህ ነው። ግዢ፣ መጋዘን፣ ሽያጭና ሂሳብ አንድ የመረጃ ቋት ላይ ይሠራሉ። ዕቃው በር ላይ ሲደርስ አንዴ ይመዘገባል፤ ሂሳብ ክፍሉም ያንኑ ያያል። አዲስ ነገርም አይደለም። አምስት የቀድሞ የአይቢኤም ሠራተኞች ጀርመን ውስጥ የዚህ ዓይነት ሶፍትዌር የሚሠራውን ኤስኤፒ የተባለ ኩባንያ የመሠረቱት በ1972 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ሶፍትዌር ገዝቶ መጫን ብቻውን ግን አይበቃም። ማን ይመዘግባል? ማን ያጸድቃል? መብራት ሲጠፋስ? ይህ አስቀድሞ ካልተወሰነ ስህተቱ እንዲያውም ቶሎ ይሰራጫል።

ነገ የዕቃ ስሞችን ማጥራት እንጀምራለን። አንዱ ማዳበሪያ «ዩሪያ»፣ «ዩርያ»፣ «ኡሪያ» ተብሎ ተጽፎ አግኝቼዋለሁ። ለኮምፒዩተሩ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው።