‹ሆምወርክ›ን ከሪሚክሶቹ ጎን ለጎን

‹ሆምወርክ› ዳፍት ፐንክ የተባሉት ሁለት ፈረንሣውያን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪዎች አልበም ነው። በውስጡ ያለው ‹አራውንድ ዘ ወርልድ› ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሳይሰለች የሚቆመው በምን እንደሆነ ለማወቅ ከክሊፑ የተሻለ አስረጅ የለም። የክሊፑ ዳይሬክተር ሚሼል ጎንድሪ ዳንሰኞቹን በአምስት ቡድን ከፍሎ ለየቡድኑ አንድ መሣሪያ ሰጥቷል። ደረጃ የሚወጡትና የሚወርዱት ስፖርተኞች ባሱን ይከተላሉ፣ ሴቶቹ የኪቦርዱን ቀጭን ድምፅ፣ አጽሞቹ ጊታሩን፣ በጨርቅ የተጠቀለሉት ሙሚዎች ድራም ማሽኑን፣ ሮቦቶቹ ደግሞ በቶክ ቦክስ (የመሣሪያን ድምፅ በአፍ ቅርጽ እንደ ንግግር በሚያሰማ ዕቃ) የተሠራውን የዘፈን ድምፅ። ከዚህ ሌላ ዘፈኑ ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለም። ግጥሙም ያችው አንዲት ሐረግ ናት፤ በአልበሙ ቅጂ 144 ጊዜ ትመላለሳለች። ከአምስቱ አንዱ ሲወጣ ወይም ሲገባ ግን ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ የዚህን አልበም ሪሚክሶች፣ ማለትም ሌሎች ሠሪዎች ዘፈኖቹን እንደገና የሠሩባቸውን ቅጂዎች፣ ስሰማ የምጠይቀው ምን እንደተጨመረ አይደለም፤ ከአምስቱ ማን እንደተባረረና ቦታውን ማን እንደያዘ ነው።

አልበሙ የወጣው በጥር 1997 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። 16 ትራኮች አሉት፤ የተሠራውም ፓሪስ ውስጥ ከሁለቱ አንዱ በሆነው በቶማስ ባንጋልቴር መኝታ ክፍል ነው። ‹ዳ ፋንክ› ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1995 በግላስጎው ሶማ ኩባንያ በሸክላ ወጥቶ ነበር። ባንጋልቴርና ጓደኛው ጊ-ማኑኤል ደ ሆመም-ክሪስቶ በ‹ቲቸርስ› ዘፈናቸው የተማሩባቸውን ሰዎች ስም ይዘረዝራሉ፤ ዲጄ ስኒክ፣ ኬኒ ዶፕና ሉዊ ቬጋ አሉበት። ደስ የሚለኝ ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። ስኒክ ‹በርኒን›ን ሪሚክስ አደረገ፤ ኬኒ ዶፕና ሉዊ ቬጋ፣ ማለትም ማስተርስ አት ወርክ፣ ‹አራውንድ ዘ ወርልድ›ን ወሰዱ። የሶማ መሥራቾች ስላሞችም ‹በርኒን› ላይ እጃቸውን አሳርፈዋል። ከፓሪሶቹ ሞተርባስ፣ ከኒውዮርኮቹ ቶድ ቴሪ አሉ። ለዓመታት በየነጠላ ሸክላው ተበትነው የቆዩት እነዚህ ሥራዎች ‹ሆምወርክ ሪሚክስስ› ተብለው የተሰበሰቡት ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2022 ነው፤ ዳፍት ፐንኮች መለያየታቸውን ካሳወቁ ልክ በዓመቱ። እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ‹ሜሎው ሚክስ› የተባለውን ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። የዚህ አልበም መታወቂያ የሆነው ያ ሙዚቃው በየምቱ ዝቅ ብሎ ተመልሶ የሚያብጥበት ነገር ከኮምፕረሰር፣ ድምፅ ሲጮህ ዝቅ ከሚያደርገው መሣሪያ፣ የሚመጣ ነው። ከዕቃዎቻቸው መካከል ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው አሌሲስ 3630 ነው፤ ርካሽ፣ ብዙ የስቱዲዮ ባለሙያ የሚንቀው። ኪኩ፣ ማለትም ትልቁ የከበሮ ምት፣ እና ሌላው ሙዚቃ አንድ ላይ በኮምፕረሰሩ ያልፋሉ፤ ኪኩ በመታ ቁጥር ሁሉም ይረገጣል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ‹አራውንድ ዘ ወርልድ› በደቂቃ 121 ምት ገደማ ስለሆነ ከአንዱ ኪክ እስከ ቀጣዩ ያለው 496 ሚሊሰከንድ ነው። መካከል ላይ የሚገባው ሃይሃት (ቀጭኑ የጸናጽል ድምፅ) 248ኛው ሚሊሰከንድ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ የመልቀቂያው ጊዜ (ኮምፕረሰሩ ድምፁን ወደ ቦታው ለመመለስ የሚወስደው) ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ቢሆን ሙዚቃው ከሃይሃቱ ጋር ተመልሶ ይነሳል። መያዣውን፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ ድምፁን መጫን የሚጀምርበትን ጊዜ፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ማዘግየት ነው፤ ያለዚያ የኪኩ ጫፍ ራሱ ይቆረጥና ቡጢው ይጠፋል። ሬሾው (ከልክ ያለፈው ድምፅ የሚጨመቅበት መጠን) 4 ለ 1፣ ቅነሳው 6 ዴሲቤል አካባቢ ለመነሻ ይበቃል።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። መልቀቂያው ከ496 ከበለጠ ኮምፕረሰሩ ሳይመለስ ሌላ ኪክ ይደርስበታል፤ ሙዚቃው እንደተረገጠ ይቀራል፣ እብጠቱም አይሰማም። በጣም ካጠረ ደግሞ ባሱ ይሻክራል፤ የ50 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ ኮምፕረሰሩ የምቱን ልክ ትቶ የሞገዱን ቅርጽ መከተል ይጀምራል። (ይህን ሁሉ በስልክ ስፒከር ለማስተካከል መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ 50 ኸርዝ እዚያ የለም።)

ፊልተሩ፣ ከድምፁ ቀጭኑን ወይም ወፍራሙን ክፍል የሚቆርጠው መሣሪያ፣ ሌላ ታሪክ ነው። ‹ሬቮሉሽን 909› የሚጀምረው በሕዝብ ጫጫታ፣ በፖሊስ ሳይረንና ሙዚቃውን አቁማችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ በሚል ትእዛዝ ነው፤ ምቱ የሚመጣው ከግድግዳ ጀርባ እንደታፈነ ሆኖ ነው። ይህንን ለመሥራት ቀጭኑን ድምፅ የሚቆርጥ ፊልተር 200 ኸርዝ ላይ ዘግቶ በ16 ባር (አንድ ባር አራት ምት ነው) ውስጥ ቀስ እያሉ መክፈት ነው፤ በ121 ምት ይህ 32 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ሬዞናንሱን (ፊልተሩ የሚቆርጥበትን ቦታ የሚያጎላውን) ብዙ ያዞረ ሰው ፊልተሩ በባሱ ላይ ሲያልፍ አንዷ ኖታ ብቻ ነጥራ ስትጮህ ይሰማል። ቅደም ተከተሉም ለውጥ አለው። ፊልተሩ ከኮምፕረሰሩ በፊት ከሆነ አከፋፈቱ ጨዋ ነው፤ ድምፁ በጨመረ ቁጥር ኮምፕረሰሩ ይይዘዋል። ከኮምፕረሰሩ በኋላ ሲሆን ግን ከፍታው አብሮ ያድጋል። ለጭፈራ ቤት የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ለዚያ ግን ለ6 ዴሲቤል የሚሆን ክፍት ቦታ ቀድሞ መተው ግድ ነው።

አልበሙን በሸክላ ለሚያጫውት ዲጄ ትልቁ እንቅፋት ‹ዳ ፋንክ› ነው። በደቂቃ 111 ምት አካባቢ ነው፤ የሂፕሆፕ አካሄድ አለው። ወደ 121 ለማምጣት 9 በመቶ ማፍጠን ይጠይቃል፣ የቀድሞዎቹ የቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ሸክላ ማጫወቻዎች የፍጥነት ተንሸራታች ደግሞ 8 በመቶ ላይ ይቆማል። መሐል መገናኘት ይቻላል፤ ‹ዳ ፋንክ›ን 4.5 በመቶ ጨምሮ ሌላውን 4.1 በመቶ ቀንሶ ሁለቱም 116 ላይ ይቆማሉ። ነገር ግን አንዱ በሦስት ሩብ ሰሚቶን (ሰሚቶን በፒያኖ ላይ በሁለት ተጎራባች ኖታዎች መካከል ያለው ርቀት ነው) ወደ ላይ፣ ሌላው በዚያው ያህል ወደ ታች ስለሚሄድ ባሶቹ ሲደራረቡ ይጋጫሉ። አንደኛውን ባስ በሚክሰሩ ሙሉ በሙሉ ቆርጦ በከበሮ ብቻ መሸጋገር ይሻላል።

ሪሚክሱ ከአልበሙ ጮኾ የሚሰማበት ምክንያትም ከሸክላው ራሱ ሊመጣ ይችላል። አልበሙ 74 ደቂቃ ያህል በአራት ገጽ ላይ ተከፋፍሏል፣ በአማካይ ለአንድ ገጽ 18 ደቂቃ ተኩል። ጊዜ በረዘመ ቁጥር መስመሮቹ መጠጋጋት አለባቸው፣ ለዚህም ባሱና ከፍታው ይቀነሳል። አንድ ትራክ ብቻ የያዘ የ12 ኢንች ገጽ ላይ መስመሩ እንደልቡ ይሰፋል። ስለዚህ አልበሙንና ሪሚክሱን ከማወዳደር በፊት ጌይኑን (የድምፁን መጠን) በጆሮ ማስተካከል ነው፤ ያለዚያ ጮክ ያለው ሁሉ የተሻለ ይመስላል።