«የግዛቶች ሥልጣን» የሚለውን ቋጠሮ በሁለት ዓምድ ፈታሁት

የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት መነሻ ማጥናት ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ። በዚህ ሳምንት ሲያስጨንቀኝ የከረመው ጥያቄ ስለተፈታልኝ ደስታዬን ይዤ መጣሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በጦር ሜዳ ታሪክ ጨረስኳቸው። የጌቲስበርግን ሦስት ቀናት በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ ጦርነቱ ለምን እንደተነሣ ግን ማስረዳት አልችልም ነበር። እባካችሁ ከውጊያው አትጀምሩ።

ደቡቦቹ፣ ማለትም ባርነትን ይዘው ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች፣ የተዋጉት ለግዛቶች ሥልጣን ነው ይባላል፤ እያንዳንዱ ግዛት ያለ ፌዴራሉ መንግሥት ጣልቃ ገብነት ራሱ እንዲወስን ማለት ነው። እኔም አምኜ ጓደኛዬን እስከ ማስቀየም ተከራክሬበታለሁ። በኋላ ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩ፦ በግራ «ግዛት ይወስን» ያለ፣ በቀኝ «ፌዴራሉ ይወስን» ያለ፤ ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። በ1832 ደቡብ ካሮላይና የፌዴራሉ ቀረጥ በግዛቴ አይሠራም አለች፤ በግራው ዓምድ ጻፍኳት። በ1850 ግን ያመለጡ ባሪያዎችን የማስመለሻ ሕግ ሲወጣ የፌዴራሉን ክንድ የፈለጉት እነዚያው ደቡቦች ናቸው። ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያለው ደግሞ በሰሜን ያለው የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ቦታ ተለዋወጡ! ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ከማንም ትንታኔ በፊት ዋናውን ሰነድ አንብቡ እላለሁ። ደቡብ ካሮላይና በዲሴምበር 1860 ስትገነጠል ባወጣችው መግለጫ የሰሜን ግዛቶችን የምትከሰው ያመለጡ ባሪያዎችን አልመለሱም ብላ ነው። ቅሬታዋ ሌሎች ግዛቶች በራሳቸው ሥልጣን መጠቀማቸው ነበር። ሌላዋ ተገንጣይ ግዛት ሚሲሲፒማ አቋሟ ከባርነት ጋር የተቆራኘ መሆኑን ገና በመግቢያዋ ትናገራለች።

የ1832ቱ ጠብ ያለ ጦርነት በርዷል፤ ፕሬዚዳንት ጃክሰን በጦር ቢያስፈራሩም በ1833 ቀረጡ ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ስምምነት ተገኘ። ቀረጥ ይከፈላል፣ ይቀነሳል። የሰውን ነፃነት ግን ከመካከል ቆርጦ መስማማት አይቻልም፤ የባርነትን መስፋፋት የሚቃወሙት ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆነው በተመረጡ በወራት ውስጥ በደቡብ ካሮላይናው ምሽግ በፎርት ሰምተር መድፍ ተተኮሰ፤ ጦርነቱም ተጀመረ። በእኔ ንባብ ልዩነቱ ይህ ነው፤ ስለ 1833ቱ ስምምነት የያዝኩት ማስታወሻ ግን ገና አንድ ገጽ ስለሆነ በዚህ ላይ ብዙ አትመኑኝ።

ትናንት የተገንጣዮቹን ሕገ መንግሥት ጀመርኩ። አንድ ዜጋ ባሪያዎቹን ይዞ በየትኛውም አባል ግዛት የመዘዋወር መብት አለው ይላል፤ ግዛቱ ሊከለክለው አይችልም። በቀኝ ዓምድ ጻፍኩት።