የስቲኬን ቆዳ ራሴ ስቀይር

ፑል እየተጫወትኩ ጥቁሯ ኳስ ብቻ ቀርታኝ ነበር። ቀዳዳው አፍ ላይ ቆማለች፤ ሕፃን ልጅም አይስታትም። ጎንበስ ብዬ መታሁ። “ቃ!” የሚል ደረቅ ድምፅ ወጣ። ነጯ ወደ ጎን ተንከባለለች። ከስቲኬ፣ ማለትም ከመምቻ ዘንጌ፣ ጫፍ ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነገር ተፈናጥራ ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ድራፍት ውስጥ ገባች። ፑል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ያቺ ቁልፍ የምታክለው ነገር የስቲኩ ጫፍ ቆዳ ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት በገዛ እጄ የለጠፍኳት።

ስቲኩን የአጎቴ ልጅ ነው ከዱባይ ያመጣልኝ። ከመሃል የሚፈታ፣ የራሱ ቦርሳ ያለው። ቦርሳውን አንግቤ ስገባ የማያውቁኝ ሰዎች ይፈሩኛል፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ጨዋታ። አብሮት የመጣው ቆዳ ግን ዓመት ሳይሞላው አለቀ። መጀመሪያ ጠርዙ እንደ እንጉዳይ ወደ ውጭ ተዘረጋ። ከዚያ አናቱ ጠጥሮ እንደ መስታወት አብለጨለጨ፤ እንዳይንሸራተት የሚቀባውን ቾክ አልይዝ አለ። ቾክ ያልያዘ ቆዳ ነጯን ከመሃሏ ትንሽ ዝቅ ወይም ጎን አድርገህ ስትመታት ይንሸራተታል። ማሽከርከር የሚባል ነገር ቀረ ማለት ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ድሮ ስቲክ ጫፉ ባዶ እንጨት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቆዳ የለጠፈበት ፍራንስዋ ሜንጎ የተባለ ፈረንሳዊ የጦር መኮንን ነው ይባላል፤ ያውም እስር ቤት ሆኖ። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ አቃተኝ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የድሮውን ቆዳ በቢላ ፈልቅቄ ጣልኩት፣ ሁለት ጠብታ ሱፐር ግሉ አደረግሁ፣ አዲሱን ለጠፍኩ። በቃ። የድሮው ማጣበቂያ ፍርፋሪ ከሥር እንዳለ ነበር። ቆዳው የተቀመጠው ስቲኩ ላይ ሳይሆን ፍርፋሪው ላይ ነው። ለሁለት ሳምንት መያዙም ይገርመኛል።

ከድራፍቱ ጉድ በኋላ ደግሞ ጥንቃቄዬን ከልክ አሳለፍኩ። ከቆዳው ሥር ያለውን ነጭ ቀለበት በምላጭ ፋቅሁት። አላረካኝም። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ወረቀቱን የያዝኩት በጣቴ ስለሆነ የቀለበቱ ጠርዝ ተበልቶ አናቱ እንደ ሎሚ ከበበ። ቀጥ ያደረግሁ መስሎኝ ባሸሁ ቁጥር ባሰበት። ይባስ ብሎ ወረቀቱ እንጨቱን ነካው፤ አንድ ጎኑን አሳሳሁት። እዚህ ላይ ነው እጅ የሰጠሁት።

አንድ ቶርኖ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ፤ በፊት የፑል ጠረጴዛ ጨርቅ ይቀይሩ ነበር። ስቲኩን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አደረጉ።

“ማነው እንዲህ የጨፈጨፈብህ?”

“እኔው ነኝ ጋሼ።”

“በምላጭ?”

“በምላጭም።”

ሌላ አልጠየቁኝም። ስቲኩን በጨርቅ ጠቅልለው ቶርኖው ላይ አሰሩት። ሲሽከረከር ስለቱን ቀለበቱ አናት ላይ አስጠጉ፤ እንደ ዱቄት የላመ ነጭ ነገር በነነ፣ አለቀ። የተነሳው የወረቀት ውፍረት ቢያክል ነው። ግን አሁን ጠፍጣፋ ሆኗል። ቆዳውን ለጥፈው፣ ጠርዙን አስተካክለው ሲጨርሱ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። የከፈልኩት የሁለት ማኪያቶ ዋጋ ነው። ስወጣ “ልጄ፣ ማጣበቂያ ጉድጓድ አይሞላም። ሁለት ጠፍጣፋ ነገር ሲያገኝ ነው የሚያጋባው” አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ራሴ ቀይሬያለሁ፤ አንዱ የፑል ቤቱን ስቲክ ነው። አንዱም አልወለቀም።

የብርጭቆ ወረቀቱን በጣቴ አልይዝም፤ ጠረጴዛ ላይ ባለ ወፍራም መስታወት ላይ አነጥፈዋለሁ። የቀለበቱን አናት በእርሳስ አጠቁረዋለሁ። ስቲኩን ቀጥ አድርጌ አቁሜ ወረቀቱ ላይ በቀስታ አዞራለሁ። እርሳሱ መሃል ላይ ጠፍቶ ጠርዝ ላይ ከቀረ ገና ነው። ሁሉም እኩል ሲጠፋ ጠፍጣፋ ሆኗል። የአዲሱን ቆዳ ሥርም እንደዚሁ። ቆዳው ከቀለበቱ ትንሽ ሰፋ ቢል ይሻላል፤ የኔ ስቲክ ጫፉ 13 ሚሊ ሜትር ነው፣ የምለጥፈው የ14። ማጣበቂያው ጄል የሆነው ይመቻል፤ ቀጭኑ ሱፐር ግሉ ቆዳውን መሃል ሳታስገባው ይደርቅብሃል።

ሲደርቅ ስቲኩን እገለብጠዋለሁ። ቆዳው ከታች እንጨት ላይ ያርፋል። አዲስ ምላጭ ቀለበቱን አስጠግቼ ወደ ታች እየገፋሁ ዙሪያውን የተረፈውን እቆርጣለሁ። ምላጩ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ቀለበቱን ይጭራል፤ እዚህ ቦታ አልቸኩልም፣ ስልክም አላነሳም። ከዚያ አናቱን በሻካራ ወረቀት አከብበዋለሁ። አሜሪካኖቹ ክበቡን በ5 ሳንቲማቸው ጠርዝ ይለኩታል። እኔ በኛው 25 ሳንቲም እለካለሁ፤ በዓይን ልዩነቱ አይታየኝም።

የቆዳው ጎን እንዳይዘረጋ ትንሽ ምራቅ ነክቶ በደንብ ማሸት ያስፈልጋል። ለዚህ የብር ኖት የመሰለ የለም። በ2013 ብር ሲቀየር የድሮ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ረስቻት የቀረች መቶ ብር ነበረችኝ። ስንት ያናደደችኝ ናት፤ አሁን ሥራ አገኘች። ጎኑ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ አሽበታለሁ።

ቀለበቱ ከተሰነጠቀ ወይም ውድ ቆዳ ከሆነ ግን አሁንም ወደ ሽማግሌው ነው የምሄደው። እንደ ካሙይ ያሉት የጃፓን ቆዳዎች ስስ የአሳማ ቆዳ ተደራርቦ የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱን አበላሽቶ ሌላ መግዛት ኪስ ይጎዳል። አንድ አለችኝ፣ በስጦታ የመጣች። ከምን እንደተሠራች ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ስቲኩን ከቤት ታስወጣብኛለች።

ፑል ቤት ግን ስሜ አልታደሰም። ባለፈው ቅዳሜ ቦርሳዬን አንግቤ ስገባ ያ ሰውዬ እዚያው ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይናገር ድራፍቱን በመዳፉ ከደነው።