ዶልዱም መኮትኮቻ

ዛሬ አንዱን ሠራተኛ ልቆጣው ነበር። ሌሎቹ የሽንኩርት መደባቸውን ጨርሰው ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ እሱ ገና ግማሽ ላይ ነው። "ምነው ወንድሜ፣ ደከመህ እንዴ?" አልኩት። ምንም ሳይል መኮትኮቻውን ሰጠኝ።

ጎንበስ ብዬ ሞከርኩት። አረሙን ያጎብጠዋል እንጂ አይቆርጠውም። አንዱን ሦስት አራቴ መምታት ግድ ነው። ስለቱን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፤ እንደ ማንኪያ ጀርባ ዶልድሟል። እጀታው ላይ ጨርቅ ጠምጥሟል። መዳፉን ሳየው ውሃ ቋጥሯል።

የሽንኩርት ሥር ደግሞ ጥልቅ አይደለም። አጠገቡ በዶልዱም ብረት ደጋግመው ሲመቱ አብሮ ይነቀነቃል። ሰውየው ቀስ ያለው ለእኔው ሰብል ተጠንቅቆ ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" ስለው፣ "ጠዋት ሥራ ሲያከፋፍሉ ቸኩለው ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው። ስንት መደብ እንደሚያልቅ ነገርኳቸው እንጂ በምን እንደሚሠሩት አላየሁም። በጣም አዘንኩ።

ሞረድ አምጥቼ ሁሉንም መኮትኮቻ ሞረድን። 20 ደቂቃ ቢፈጅብን ነው። ከሰዓት በኋላ እሱ ከማንም ቀድሞ መደቡን ጨረሰ። ሞረዱን ከእንግዲህ እሱ ጋ እንዲሆን ሰጥቼው መጣሁ።