ከተፈጥሮ ቀለሙ ውጭ

ጅማ ውስጥ በአንድ መካከለኛ ሆቴል የሰው ሀብት ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች መካከል ዛሬም ሳስበው የሚያሳፍረኝ አንድ ነው። የተጻፈው ለእንግዳ ተቀባይ ሠራተኛችን ሲሆን፣ ጥፋቷም ለጓደኛዋ ሠርግ ፀጉሯን ሂና ተቀብታ ሰኞ ጠዋት ሥራ መግባቷ ነበር።

የሥራ ደንባችን «ማንኛውም ሠራተኛ ፀጉሩን ከተፈጥሮ ቀለሙ ውጭ መቀባት አይፈቀድለትም» ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ጻፍኩት ከምል ግን አዲስ አበባ ካለ ሌላ ሆቴል ደንብ ገለበጥኩት ብል እውነቱ ይሻላል። ስገለብጠው በሐሳቤ የነበረው አረንጓዴና ሰማያዊ ፀጉር ነበር። ሂና የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ፤ ያውም የሙሽራ እጅና እግር በሂና በሚያጌጥበት፣ ሽማግሌዎች ጺማቸውን በሂና በሚያቀሉበት ከተማ ተቀምጬ። እኔም ብሆን እናቴ ለበዓል እንሶስላ ስትሞቅ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝና አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ደብዳቤው በ3 ቀን ውስጥ ፀጉሯን «ወደ ቀድሞ ቀለሙ እንድትመልስ» ያዝዝ ነበር። አንድ ግልባጭም ለሌሎች ትምህርት ይሆናል በሚል በሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ልጅቷ አልተከራከረችም፤ «እሺ እትዬ» ብላ ፈርማ ወጣች። ያዘዝኩት ነገር ሊፈጸም የማይችል መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በሂና ቅጠል ውስጥ ያለው ላውሶን የተባለ ቀለም ፀጉር ከተሠራበት ኬራቲን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ በሻምፑ ታጥቦ አይለቅም፤ ያለው አማራጭ መቁረጥ ወይም እስኪያድግ መጠበቅ ነው። ፀጉር ደግሞ በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የእሷ ከትከሻዋ ወርዶ ጀርባዋ ላይ የሚያርፍ ስለነበር በ3 ቀን ፈጽሚ ያልኳት ነገር ዓመታት የሚፈጅ ነበር።

ስለዚህ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገች፤ ከሱቅ ጥቁር የፀጉር ቀለም ገዝታ በላዩ ላይ ተቀባችበት። ረቡዕ ማታ ተቀብታ ዓርብ ጠዋት ስትመጣ የዓይኗ ቆብ አብጦ ዓይኗን ሊከድነው ደርሶ ነበር፤ ግንባሯና የጆሮዋ ዙሪያ ደግሞ ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል። የጤና ባለሙያው እንዳስረዳት፣ በብዙዎቹ ጥቁር የፀጉር ቀለሞች ውስጥ ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባል ኬሚካል አለ፤ የአንዳንድ ሰው ሰውነትም ይህን አይቀበልም፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ የሚታየው ወዲያው ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አስቀድሞ ጥቂት ቆዳ ላይ ቀብቶ 48 ሰዓት መጠበቅ የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። እሷ ግን የሚጠበቅ ጊዜ አልነበራትም፤ ቀነ ገደቡን የሰጠኋት እኔ ነኝ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ወር የሕመም ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ስለሆነ ለእረፍቷ ሆቴሉ ከፈለ፤ ያኛው ቀላሉ ክፍል ነበር።

በማግሥቱ የበር ዘበኛችን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቢሮዬ ገቡ። «እትዬ፣ የእኔ ደብዳቤ መቼ ነው የሚደርሰኝ?» አሉኝ። የምን ደብዳቤ እንደሆነ ስጠይቃቸው ጺማቸውን ያዝ አደረጉ፤ በሂና የቀላ ነው። ወደዚህ ሆቴል የሚገባ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እንግዳ ተቀባይዋን ሳይሆን እሳቸውን ነው፤ ከባለቤቱ ጀምሮ ግን ጺማቸውን ጥፋት ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። አዋጁ በአንቀጽ 14 በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን እንደሚከለክል ለአለቆች ሥልጠና ስሰጥ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። መልስ ሳጣ ጊዜ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጆሮዎ ላይ ቀርቷል» አሉኝ። መስታወት ሳይ ከጆሮዬ ጫፍ ጥቁር ቀለም ደርቆ ቀርቷል። ሽበቴን በየወሩ የምቀባ ሰው ነኝ፤ የፀጉሬ የተፈጥሮ ቀለም ነጭ ከሆነ ቆይቷል።

ባለቤቱ በቀላሉ አልተረቱም፤ «እንግዳ ምን ይለናል?» የሚል ሙግት ነበራቸው። ሙግቱ መሠረት የለውም አልልም፤ አሠሪ የሠራተኛውን አለባበስና ንጽሕና በደንብ መወሰን ይችላል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ፀጉር ይሸፈን ሲባልም ምክንያቱን ማንም ይረዳዋል። የእንግዶች አስተያየት መዝገብን አውጥቼ አብረን አገላበጥነው። ስለ ውኃ መቋረጥ፣ ስለ ዋይፋይ፣ ስለሚዘገይ ቁርስ በየገጹ ተጽፏል። ስለ ሰው ፀጉር ግን አንድ መስመር አላገኘንም። በመጨረሻ የቀለሙ አንቀጽ ወጥቶ «ፀጉር ንጹሕና የተያዘ ይሁን፤ ምግብ በሚዘጋጅበት ቦታ ይሸፈን» በሚል ተተካ።

ልጅቷ ስትመለስ ማስጠንቀቂያው መሻሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጥቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሁለት ጊዜ አነበበችውና «እትዬ፣ ያኛው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ይኼስ?» አለችኝ። ማጣበቂያውን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ተከትያት ወጣሁ።